የአራስ ጎጆ በዶራ

አሁን አሁን ያንን ጎጆ ስናነሣ ልጆቹ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «እማማ ቦሰና፣ እንደ በሽተኛ ከቤት ያስወጧችሁ ነበር አሉ» ይሉኛል፣ ግማሹን በዕብራይስጥ። ወይ ጉድ! ማን ማንን አስወጣ? እኛው ነን የወጣነው። ወገራ ሳለን ከመንደሩ ፈንጠር ብሎ የአራስ ጎጆ ነበረን፣ ዙሪያውን ድንጋይ የተደረደረበት። ድንጋዩን የሚያልፍ ወንድ የለም። ወንድ የወለደች አርባ ቀን፣ ሴት የወለደች ሰማንያ ቀን እዚያ ናት። ውኃ አትቀዳ፣ እንጨት አትለቅም፣ አትፈጭ። እህሏን አምጥተው ድንጋዩ ዘንድ ያኖሩላታል። ስፌታችንን እየሰፋን፣ ባሎቻችንን እያማን በሳቅ እንፈርስ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ያረፍሁበት ጊዜ የለም። ይናፍቀኛል፣ ምን ልዋሽ!

እስራኤል አገር መጥተን ኔታንያ ከተማ ስንገባ ጎጆ ከየት ይምጣ? ዶራ የሚሉት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ቤት የሰጡን። ልጄ ተናኜ በፈረንጆቹ ዘጠና አራት፣ አራተኛ ሴት ልጇን ኦዲያን ስትወልድ፣ ባሏ ይርሳው ከባሕሩ ዳር ድንጋይ በከረጢት ተሸክሞ መጣና ሚርፔሴቷ በር ላይ ደረደረው። ሚርፔሴት የምንለው በረንዳውን ነው። ተናኜ ከነሕፃኗ እዚያ ተኛች፤ እኔም እህሏን ድንጋዩ ዘንድ አኖርላት ጀመር።

ይርሳው ክፉ ሰው አይደለም። ግን ግትር! የበኩር ልጃቸውን ቢምረውን፣ አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንጠብቅ ኩፍኝ ወሰደብን። ይርሳው ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርቶ አያውቅም፤ በቤታችንም ማንም አይጠራውም። ተናኜ ሴት በወለደች ቁጥር ግን «ቀጥሎ ወንድ ነው፤ የሄደው ይተካል» ይላል።

አንድ ቀን ምሳዋን ሳኖርላት፣ ተናኜ «እማ፣ ምነው ሰማንያው ባላለቀ» አለችኝ።

«ምን ሆነሽ?»

«ሲያልቅ ሌላ ሊጀመር አይደል። ደክሞኛል፣ እማ። በቃ ደክሞኛል።»

ማታ ይርሳውን ያዝሁት። «አንተ ሰውዬ፣ መሬት እንኳ ጦም ያድራል እኮ! ልጄን ምን ሁኚ ነው የምትላት?»

«እርስዎ በዚህ አይግቡብኝ፤ ሰጪው እግዜር ነው» ብሎኝ ፊቱን አዞረ።

ያን ዓመት ዓለም ካይሮ ላይ ተሰብስቦ ስለ ሰው ብዛት መክሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአፍሪካ አገሮች የመጡ የጤና ሰዎች ኔታንያ ኮርስ ገቡ፤ ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ ልማት ይማራሉ አሉ። የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ ነርሷ ኖአ ከነሱ ሁለቱን ቤታችን ይዛ መጣች። አንዱ የጋና ሐኪም ነው። ሌላዋ ሲስተር ውዴ፣ የወገራችን፣ የዳባት ልጅ!

አገር ቤት ብንሆን ውዴ ክርስቲያን፣ እኛ አይሁድ ነንና አልነካትም ነበር። ያን ቀን ግን አንገቷን አንቄ ሳምኋት። «ከመንደራችን በላይ ያለው ጫካ እንዴት ነው? ምንጩስ?» አልኋት።

«ጫካ የለም፣ እማማ» አለችኝ። «አባት መሬቱን ለልጆቹ እየከፈለ እየከፈለ፣ አሁን በሬ የሚዞርበት መሬት ጠፍቷል። ተራራው ታርሶ ምንጩም ደረቀ።»

አለቀስሁ። በዓይኔ ላይ እስከዚያች ቀን ድረስ ለምለም ነበር።

እኔ እንባዬን ስጠርግ ሐኪሙ ሕፃኗን አይቶ ደስ ቢለው፣ ዘው ብሎ ድንጋዩን ተሻገረና የተናኜን እጅ ጨበጠ።

«ኧረ! ኧረ ያዙት!» ብሎ ይርሳው ዘለለ።

ውዴ አፏን በእጇ ያዘች። ዳባት ውስጥ የክርስቲያን ሕፃን እንኳ ድንጋይ ሲያይ ይቆማል፤ የጋና ሰው ከየት ይወቀው! በእንግሊዝኛ አስረዳችው፦ አራስ ነክተሃል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ወደ ሳሎን አትመለስም፣ ከዚያ ታጥበህ ትወጣለህ። ሰውየው ደግ ነው፣ ሳቀና ወንበር ጠየቀ። ወንበሩን ገፋንለት። እንደ አራስ ተጎልቶ ተቀመጠ፤ እህሉንም ድንጋዩ ዘንድ አኖርሁለት። ሳቄ ሊገድለኝ!

እስከዚያ ድረስ እንግዶቹ ስለ ልጅ የሚጠይቁት ሁሉ የሚመለሰው በይርሳው ነበር። «ጥቂት ነን፣ መብዛት አለብን» ሲል ቆይቷል። አሁን ግን ሐኪሙ ያለው ተናኜ አጠገብ ነው። ምን ያህል ልጅ እንደምትፈልግ እሷኑ ጠየቃት። ውዴ ድንጋዩ ዘንድ ቆማ ተረጎመች።

«እኛማ...» አለ ይርሳው ከሳሎን።

ሐኪሙ እጁን አንሥቶ አስቆመው፤ ዓይኑን ግን ከተናኜ አልነቀለም።

ተናኜ ሕፃኗን አወዛወዘች። ከዚያ «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች። «አገር ቤት ጎጆው ያሳርፈኝ ነበር። እዚህ ያለኝ ይህች ሚርፔሴት ናት። ድንጋዩ ሲነሣ የት ልግባ? ይርሳው ይንገረኝ፣ የት ልግባ?»

ይርሳው ብድግ ብሎ ደረጃውን ወረደ። ሲመሽ ተመለሰ፤ ያኔ ሐኪሙ ታጥቦ ሄዷል። ልጄ ለተናገረችው ምን ሊያመጣባት ነው እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ።

ሰማንያው ሞላ። ወንዝ የለን፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ባሕሩ ወሰድኋት። ማዕበሉ ውስጥ ገብታ ተነከረችና እየተንቀጠቀጠች ወጣች። አገር ቤት ብትሆን ሴቱ ሁሉ እልል ብሎ ይቀበላት ነበር፤ እዚያ አሸዋ ላይ ብቻዬን እልል አልሁ።

በማግስቱ ተናኜ ወደ ክሊኒኩ ልትሄድ ስትነሣ ይርሳው «እኔም እመጣለሁ» አለ። ሊያዋርዳት ነው ብዬ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልሁ።

ኖአ ጋ ውዴም ነበረች፤ አገሯ ልትመለስ ተቃርባለች። ኖአ እንደ ለመደችው ወደ ይርሳው ዞረችና እስከሚቀጥለው ልጅ ምን ያህል መቆየት እንደሚፈልጉ ጠየቀችው። ውዴ ተረጎመች።

ይርሳው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ አገላበጠው። «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለ። «እሷን ጠይቂያት።»

ተናኜ ትክ ብላ አየችው።

«ቢምረውን የሚተካ ልጅ አልወልድም» አለች። ስሙ ሲጠራ ወደ ይርሳው ዞርሁ። «እሱን የሚተካው የለም። ልጅ ሲናፍቀኝ ግን ለራሱ ብዬ እወልደዋለሁ። እስከዚያ ልረፍ።»

ውዴ ለኖአ ተረጎመችላት። ይርሳው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። «ቢምረው» አለ በቀስታ። ከዚያ ደገመው፣ «ቢምረው ልጄ!»፤ ቀብሩ ላይ ያላለቀሰው ሰውዬ እዚያው ክሊኒክ ውስጥ፣ በሁላችን ፊት፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።