የመጀመሪያው ሩጫ

ካወለቀው መመለስ የለም፣ ገብረየስ አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ፣ አንዱን ምንጣፉ ላይ አድርጎ፣ በዋርሳሜ ግቢ ለለቅሶ ከተጣለው ድንኳን አፍ ላይ ቆሟል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ማንም አያየውም፣ ግባ አዴር፣ ይለዋል አንድ ጎረምሳ የያዘውን ስኳር ከእጁ እየተቀበለ፣ አዴር፣ አጎቴ፣ ውጣ ቢለው ይቀለው ነበር፣ ውጣ ቢሉት ወጥቶ በመጣበት ባጃጅ ይመለሳል፣ ጅግጅጋ ደግሞ ባጃጅ መቼ ቸግሯት ያውቃል፣ ግባ አሉት እንጂ። ጫማውን ያወልቃል።

ዋርሳሜ ጥግ ላይ ነው። ትራስ ተደግፏል። ጢሙን ሂና አልነካውም፣ ያ ሁልጊዜ ብርቱካን የሚመስል ጢም ከሥሩ ነጭ ወጥቶበታል፣ ሰው በዚህ ፍጥነት ያረጃል? ገብረየስ አጠገቡ ይቀመጥና እጁን ይይዘዋል፣ እግዜር ያጥናህ ሊል ነበር፣ እግዜር ይሻላል ወይስ አላህ እያለ መንገዱን ሙሉ ሲያመዛዝን መጥቶ አሁን ሁለቱም ከአፉ ጠፉ፣ ደሃቦ፣ የሚመጣለት ስሟ ብቻ ነው፣ ደሃቦ፣ የዋርሳሜ የልጅ ልጅ፣ ዘንድሮ ለትምህርት ብላ ከቀብሪበያ መጥታ አያቷ ዘንድ የተቀመጠች፣ መንገድ ላይ ስታገኘው ጎንበስ ብላ ሰላም የምትለው፣ ከትናንት ወዲያ በገብረየስ ልጅ ፊሽካ ሮጣ የሞተች።

ያው ሁን፣ ብላዋለች ለተሥላሴ፣ ሚስቱ፣ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈችለት፣ ዕድሜ ልክህን ቃል ከአፍህ በጉጠት ነው የማወጣው፣ ዛሬም ያው ሁን፣ ሂድ፣ ተቀመጥ፣ አልቅስ፣ ና፣ ሌላ የምትጨምረው የለም፣ ልጄን አደራ። ልጄን ነው ያለችው፣ ልጃችንን አላለችም። ናሁሰናይ ጓዳ ተኝቷል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ያን ቀን የለበሰውን ቱታ አላወለቀም፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው፣ እናቱ ልታወልቅለት ስትሞክር እጇን ያዘና ተይው እማዬ አለ፣ ከዚያ ወዲህ ቃል የለም፣ በዚህስ አባቱን ወጣ።

የስፖርት አስተማሪ። ማን ይገምት ነበር፣ ያ ልጅ፣ ተማሪ ሆኖ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣ፣ እያለቀሰ ቤት የሚገባ፣ አስተማሪው ኤሊው መጣላችሁ እያለ ክፍሉን የሚያስቅበት፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባው ስፖርት ሆኖ ሲመጣ እናቱ ምን ኃጢአት ብንሠራ ነው ብላ ሳቀች፣ እሱ ግን ወደደው፣ ወዶት ቀረ። ካቻምና ክረምት ስልጠና ሄዶ ሲመለስ የቀረበለትን ምሳ እንኳ ሳይነካ፣ አባዬ ይኸውልህ፣ ከእንግዲህ ልጅን ከልጅ ጋር አላወዳድርም፣ ከራሱ ጋር ነው፣ መጀመሪያ አሮጠዋለሁ፣ ሰዓቱን እይዛለሁ፣ ከዚያ አሠለጥነዋለሁ፣ የዓመቱ መጨረሻ ላይ እንደገና አሮጠዋለሁ፣ ምን ያህል አሻሻለ፣ ማርኩ እሱ ነው፣ ወፍራሙም አያለቅስም፣ ኤሊ የሚባል ልጅም የለም፣ አለው። ገብረየስ ፊደል አልቆጠረም፣ አዲጋላ ላይ የባቡር ሐዲድ ሲጠግን ነው ጉልበቱን የጨረሰው፣ ምዘና የሚሉትን ቃል የሰማው ከልጁ አፍ ነው፣ ይህቺ ግን ገባችው፣ ደግ ነገር ነው፣ አለው። ለእሱ ብዙ መናገሩ ነበር።

ሻይ ይመጣል። የግመል ወተት አለበት። ጠጣ፣ ይለዋል ዋርሳሜ፣ እሱ ራሱ ግን የእሱን አልነካም፣ ላዩ ላይ ስልባቦት ሠርቷል።

ልጆች ደግሞ ሞኝ አይደሉም። አምና ሀናድ የሚባለው ቀጭኑ፣ ትምህርት ቤቱን በሙሉ በሩጫ የሚያስከነዳው፣ መጀመሪያም እንደ ንፋስ ሮጠ፣ መጨረሻም እንደ ንፋስ ሮጠ፣ ታዲያ ምን አሻሻለ፣ ምንም፣ ማርኩ ወረደ፣ በመጀመሪያው ቀን ሆዱን አሞት የተጎተተው ጓደኛው ደግሞ ማርኩን ደፈነ። ሀናድ ቂሙን ቋጥሮ ከረመና ዘንድሮ ለክፍሉ ሁሉ አስተማረ፣ መጀመሪያ ላይ የሮጠ ፋራ ነው፣ ተጎተቱ፣ ኋላ ትሮጣላችሁ። ይህን ሁሉ ገብረየስ የሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፣ ናሁሰናይም ያን ቀን አያውቅም፣ ያን ቀን ለእሱ ትልቅ ቀን ነበር፣ ከቀብሪበያም ከባቢሌም የስፖርት አስተማሪዎች ተጠርተው መጥተዋል፣ የእሱን አመዛዘን አይተው እንዲማሩ፣ ወንበር ሜዳው ዳር ተደርድሮላቸዋል፣ ክላሰር የታቀፈ ሱፐርቫይዘር መሐል ተቀምጧል፣ ናሁሰናይ ቱታውን በማለዳ ራሱ ተኩሶታል፣ ቱታ ይተኮሳል እንዴ፣ ብላ እናቱ ሳቀችበት።

ገብረየስና ዋርሳሜ ከአጥሩ ውጭ ግራሩ ሥር ነበሩ፣ የሁልጊዜ ቦታቸው፣ አንዱ ልጁን፣ አንዱ የልጅ ልጁን ሊያይ። ዛሬ ያንተ ልጅ የእኔን ልጅ ሊመዝን ነው፣ አለ ዋርሳሜ፣ ሚዛኑን በጣቱ እንዳይጫንባት ንገረው። ገብረየስ ፈገግ አለ። ፊሽካ ተነፋ።

ማንም አልሮጠም። ሀናድ ወገቡን ይዞ ያነክሳል፣ ሌላው ጫማውን ሊያስር ይንበረከካል፣ ሴቶቹ ተያይዘው ገበያ እንደሚወርድ ሰው ያዘግማሉ፣ ወንበር ላይ ያሉት አስተማሪዎች መጀመሪያ ተያዩ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ አንዱ፣ ከባቢሌ የመጣው፣ ናሁ፣ ሩጫ ነው ያልከን ወይስ ሽርሽር፣ ብሎ ጮኸ፣ ሱፐርቫይዘሩ ክላሰሩን ዘጋ፣ ያኔ ገብረየስ የልጁን ፊት አየ፣ ያንን የድሮውን ፊት፣ እያለቀሰ ቤት የሚገባውን። ከሁሉም ኋላ ደሃቦ ናት፣ አንድ እጇ ጂልባቧን ሰብስቧል፣ አንድ እጇ ጎኗን ይዟል፣ አፏን ከፍታለች። ዋርሳሜ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ፣ አየሃት ተንኮለኛዋን፣ አየሃት፣ ሀናድንም በለጠችው፣ ለኋላ እየቆጠበች እኮ ነው፣ የኔ ደም!

ቁሙ! ሁላችሁም ወደ መነሻ! ናሁሰናይ ነው፣ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ይሄ አይያዝም፣ የእውነቱን የማይሮጥ ዜሮውን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ደሃቦ አጥሩ ጥግ ጉልበቷን ይዛ ጎንብሳለች፣ አንቺ በተለይ፣ ጎበዝ ተዋናይ ነሽ፣ ተነሺ። ቲቸር፣ የኔ የእውነት ነው። በቀስታ ነው ያለችው፣ ቀና ብላ። ሀናድ እጁን አወጣ፣ ቲቸር፣ የኔም የእውነት ነው፣ የኔም፣ የኔም፣ የኔም፣ ክፍሉ በሙሉ፣ ሳቅ፣ ወንበር ላይ ያሉትም ሳቁ፣ ናሁሰናይም ሳቀ፣ ያልሳቀች እሷ ብቻ። ምን አለች፣ አለ ዋርሳሜ፣ ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፣ ገብሬ፣ ምን አለች፣ ፊሽካው ተነፋና ገብረየስ ሳይመልስለት ቀረ።

ሮጠች። ጂልባቧ እየተርገበገበ መሐል ያሉትን አልፋ ሮጠች፣ ደርሳለች እኮ፣ መስመሩን አልፋ ነው የወደቀችው፣ ልቧ ከልጅነቷ ችግር ነበረበት አሉ ሐኪሞቹ፣ ማንም አላወቀላትም፣ እሷም አላወቀችም፣ የምታውቀው አቅሟን ነው፣ ተናገረች፣ በቃ፣ ሌላ ምን ታድርግ።

ገብሬ፣ ይላል ዋርሳሜ።

አቤት።

አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ። ይሄን አውቃለሁ። ሞት አይደለም እኔን የሚያቃጥለኝ። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ወደ ገብረየስ ዘንበል ብሎ፣ እያታለለች ሄደች ገብሬ፣ የመጨረሻ ሥራዋ ማታለል ሆነ፣ ሼኹ ልጅ ናት ይሉኛል፣ ጨዋታ ነው፣ አይቆጠርባትም ይሉኛል፣ እሺ እላለሁ፣ ጎኔን ሳሳርፍ ግን ያቺ አካሄዷ ይመጣብኛል፣ ጎኗን ይዛ፣ ስታስመስል። ውሸት ማን አስተማራት? እኔ ቤት ነው የነበረችው።

ገብረየስ ሻዩን ያነሳል። ያስቀምጣል።

ከድንኳኑ ወዲያኛው ጥግ የደሃቦ አጎቶች ተቀምጠዋል፣ ሽማግሌዎች መሐላቸው አሉ፣ ነገሩን ጨርሰውታል፣ ገብረየስ ባጃጁ ላይ ሳይወጣ ነው ሰው የነገረው፣ ውሳኔው ከዐስር ሶላት በኋላ ይነገራል፣ ልጆቹ ተጠይቀው መስክረዋል፣ ሁላችንም እያስመሰልን ነበር፣ እሷም፣ ቲቸር ሁላችንንም ሩጡ አለን፣ ሮጥን፣ ወደቀች፣ እንግዲህ አስተማሪው ምን ያድርግ፣ ቀኗ ነው፣ ናሁሰናይ ላይ የሚነሳ ነገር የለም። የለም። ገብረየስ ዝም ካለ የለም። ዝም ማለት ደግሞ እሱን ማን ያስተምረዋል፣ ለተሥላሴ አንድ ቀን የእኔ ባል ቢሰረቅ ሌባውን ላለማስቸገር ዝም ይላል ብላ ጎረቤት አስቃለች፣ ዝም በል ገብረየስ፣ ሻይህን ጠጣ፣ አንድ ልጅ ሞታለች፣ ሁለተኛ ልጅ ለምን ይጥፋ፣ ልጁ ደግሞ ክፋት የለውም፣ ክፋት ቢኖረው በቀለለ፣ ኤሊ የሚባል ልጅ እንዳይኖር ብሎ ነው ሁሉን የጀመረው፣ ከዚህም በኋላ የስፖርት አስተማሪ አይሆንም፣ ምንም አይሆንም፣ ያ ፊሽካ ካንገቱ ካልወረደ ምን ይሆናል።

ያ ሐምሌ ደግሞ፣ ለምን አሁን ይመጣል፣ ከለውጡ ጋር ከተማው የታመሰ ጊዜ፣ ሶማሌ ያልሆነ ሰው በየቤቱ ሲፈለግ፣ ጭሱ፣ ዋርሳሜ እጃቸውን ይዞ እሱን፣ ሚስቱንና ልጁን ሦስቱንም እዚህ ግቢ አስገባቸው፣ እዚያ በዚያች ክፍል፣ ለተሥላሴ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ ደጁ ላይ ጎረምሶች መጥተው ሰው አለ ወይ ሲሉት የለም ማለት ይችል ነበር፣ አንዲት ቃል ናት፣ ማን ይፈርድበት ነበር፣ የለም አላለም፣ ዱላውን በሩ ላይ አጋድሞ፣ አዎ አለ፣ እንግዳ አለኝ፣ በእኔ ላይ ተራምዳችሁ ግቡ፣ አለ። ሄዱ። ያኔም መዋሸት አልሆነለትም። ይኸው ዛሬ የልጅ ልጁን ዋሽታ ሞተች ብሎ ይዞ ሊኖር ነው፣ ዕድሜ ቢሰጠው በየቀኑ፣ ጎኗን ይዛ ስታስመስል እያያት፣ ገብረየስ ደግሞ ግራሩ ሥር አጠገቡ ሊቀመጥ፣ ዝም ብሎ፣ እንደ ወትሮው፣ ሰው ሁሉ ገብሬ ዝምተኛ ነው ሲል።

ውጭ ሙአዚኑ ጉሮሮውን ይጠርጋል በድምፅ ማጉያው፣ የዐስርን አዛን ሊያሰማ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ከምንጣፉ መነሳት ይጀምራሉ፣ ለተሥላሴ፣ ይቅር በይኝ።

ዋርሳሜ።

አሁን ድምፁ የእሱ አይመስለውም፣ ጮክ ማለት አለበት፣ የዋርሳሜ ጆሮ ደክሟል፣ ጮክ ካለ ሁሉም ይሰማል፣ ይስማ።

ዋርሳሜ፣ አላስመሰለችም። ምን አለች ብለኸኝ ነበር። ቲቸር፣ የኔ የእውነት ነው፣ ነው ያለችው። በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሳቁባት። ልጄም ሳቀባት። ከዚያ ሩጪ አላት።

ሲኒ ሲቀመጥ ይሰማል። አንዱ አጎቷ ቆሟል፣ ዞሮ ወደዚህ ያያል፣ ሊናገር ሲል አንዱ ሽማግሌ ክንዱን ይዞታል፣ ገብረየስ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ይተክላል፣ የፈለጉትን ያድርጉት፣ እሱን ያድርጉት፣ ናሁሰናይን ሳይሆን እሱን፣ ግን ሕይወት እንዲህ አትደራደርም፣ ልጁን እሱ ራሱ ይዞ ይመጣል ነገ፣ ቱታውን አስለውጦ፣ እዚህ ያስቀምጠዋል፣ አባትና ልጅ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፣ የሚመጣው ይመጣል።

አልዋሸችም፣ ይላል ዋርሳሜ። ለራሱ ነው። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ ሰማችሁ፣ ልጅቷ አልዋሸችም፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልዋሸችም! እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል፣ ፊቱ ይበራል፣ ገብረየስ ይህን ፊት ያያል፣ በዚያ ፊት አንዴ ደረቱ ቀለል ይለዋል፣ ኋላ ያ ፊት መሐል ላይ ይቆማል፣ እንደ ቆመ ይቀራል፣ የሆነ ነገር ትዝ ብሎታል፣ ዋርሳሜ እጁን ጠበቅ ያደርገዋል፣ ጣቶቹ ቀዝቃዛ ናቸው፣ ወደ ጆሮው ይጠጋል፣

ገብሬ፣ እኔ ስስቅ ሰምታኝ ይሆን?