ያልተጠየቁ አባት

ወይዘሮ ፋንታዬ ማንም ሳይነግራቸው ወደ ግራ ታጠፉ፤ ጫማቸውን አውልቀው ከመጋረጃው ጀርባ ካለ መደርደሪያ ላይ አኖሩ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ውስጥ ዘለቁ። አቶ ቀለመወርቅ አንድ ጫማቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። መደርደሪያው ከመግቢያው አይታይም። ሚስታቸው ይህን ቤት ያውቁታል ማለት ነው።

እስከዚያች ቅጽበት ቀኑ ደህና ነበር። ባልና ሚስቱ ልጃቸውን ሊዲያን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ስቶክሆልም የመጡት፣ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ነው። ይህ የመጨረሻ ቀናቸው ነበር፤ ማታ ይመለሳሉ። ሊዲያ ለትምህርት መጥታ ሥራ ይዛ የቀረች ልጅ ናት። ሁስቢ በሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ ኪስታ ካሉት የኮምፒውተር መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ትሠራለች። ከተማውን አዙራ ካሳየቻቸው በኋላ የመጨረሻውን ቀን የሂንዱዎችን ቤተ መቅደሶች ለማየት እናውለው አለች። አቶ ቀለመወርቅ አልተቃወሙም። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ ሒሳብ ያስተማሯቸው ህንዳዊ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም ስማቸውን በአክብሮት ያነሳሉ።

ጠዋት የሄዱበት የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ በአንድ የኪራይ ሕንጻ ምድር ቤት ያለ ጠባብ ክፍል ነበር። አበባ የተደረበላቸውን ምስሎች፣ የሙዝ ቅጠሉን፣ በዘይት የሚነደውን ትንሽ መብራት አይተው፣ የሰው እምነት ነው ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ። ጾመ ፍልሰታ ስለነበር የቀረበላቸውን ጣፋጭ እጅ ነስተው መለሱ። መኪናውን የሚነዳው ራጉ፣ ሊዲያ የሥራ ባልደረባዬ ብላ ያስተዋወቀቻቸው ህንዳዊ ወጣት ነው። ከመጡ ጀምሮ ያመላልሳቸዋል። ትሑት ነው፤ በር ሳይከፍትላቸው አይገባም። አቶ ቀለመወርቅ እንዲያውም ለሚስታቸው፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ባልደረባ ማግኘቷ መታደል ነው ብለዋቸው ነበር። ወይዘሮ ፋንታዬ ያን ጊዜ አንገታቸውን መድፋታቸው አሁን ትዝ አላቸው።

እሳቸውም ጫማቸውን አኑረው ገቡ። ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ድሮ ጋራዥ የነበረ ሰፊ አዳራሽ ነው። አረንጓዴ ሐር የለበሱ አንዲት ሴትዮ ወይዘሮ ፋንታዬን አቅፈው፣ ጉንጫቸውን እንደ ሐበሻ እያገላበጡ ይስሟቸዋል። ቡናማ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሽማግሌ እጆቻቸውን አጋጥመው ወደ አቶ ቀለመወርቅ ቀረቡና፣ በመጨረሻ በመገናኘታቸው መደሰታቸውን በእንግሊዝኛ ነገሯቸው። የራጉ አባት ነኝ አሉ። ከዚያም ጉልበታቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቁ።

አቶ ቀለመወርቅ ስለ ጉልበታቸው ሕመም የነገሩት ለሚስታቸውና ለሐኪማቸው ብቻ ነበር።

ቀድማቸው የገባችው ሊዲያ ከጓዳ ወጣች። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች። ቀሚሱን ያውቁታል፤ ሽሮ ሜዳ ተገዝቶ በእሳቸው ሻንጣ ነው የመጣው። ለሚሊኒየሙ በዓል ነው ተብለው ነበር። ምንጣፉ ላይ ኮኮናት፣ ሙዝና ቀይ ጨርቅ የያዘ ትሪ ተቀምጧል። የቤተ መቅደሱ ካህን ሁለቱ አባቶች ትይዩ እንዲቀመጡ በእጁ አመለከተ። ማንም እንዲያስረዳቸው አላስፈለጋቸውም። እጮኝነት በየትኛውም አገር እጮኝነት ነው።

ከልጅቱ ይልቅ፣ ከራጉ ይልቅ፣ የሁሉም ፈገግታ አበሸቃቸው። የሚያዩዋቸው በልደቱ ቀን ዓይኑን ተሸፍኖ እንደመጣ ልጅ ነበር። የራጉ አባት ትሪውን በሁለት እጃቸው አንስተው ዘረጉላቸው። አቶ ቀለመወርቅ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ትሪው አየር ላይ ቀረ። የራጉ አባት ወደ ልጃቸው ዞረው በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቁ፤ ራጉ አቀረቀረ። ለሽማግሌው ደግሞ አባቷ ፈቅደዋል ተብሎ ተነግሯቸው ኖሯል። ፊታቸው ጠቆረ። ትሪውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። አቶ ቀለመወርቅ አንድም ቃል ሳይጨምሩ ወጡ።

እሑድ ነበርና ሰፈሩ ጭር ብሏል። መጋዘኖቹ ተዘግተዋል። ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ በአጥሩ ሥር ተራመዱ፤ ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በየት በኩል እንደሆነ እንኳ እንደማያውቁ ሲገባቸው፣ ለመናደድ ሌላ ምክንያት ሆነላቸው። ሊዲያ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ደረሰችባቸው። እያለቀሰች አልነበረም። እንደዚህ አገር ልጆች ሳምቦ ሆና፣ ሳትጋባ አብራው ብትኖር ማንም እንደማይጠይቃት፣ እሷ ግን አባቷ ባሉበት እንዲሆን እንደፈለገች ነገረቻቸው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ አይመጡም ነበር፣ አባባ።»

«አዎን፣ አልመጣም ነበር። አለመምጣቱም የኔ ነበር። እሱን ነው የወሰድሽብኝ።»

ወይዘሮ ፋንታዬ እያለከለኩ ደረሱ። አቶ ቀለመወርቅ ስንት ጊዜ እዚህ እንደመጡ ጠየቋቸው። ሁለቴ አሉ። ሁለቱንም ጊዜ ወደ ሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን ለኪዳን ነው የምሄደው ብለው፣ ጉልበትህ አያስቆምህም፣ አንተ እረፍ ብለዋቸው ነበር የወጡት።

«በእመቤታችን ጾም ዋሸሽኝ» አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

ወይዘሮ ፋንታዬ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«አባትህ እህትህን ጽጌረዳን እንዴት እንዳደረጓት አይቻለሁ። ባሏ እስላም ነው ብለው በሕይወት ሳለች ተዝካሯን አወጡ። አንተ የእሳቸው ልጅ ነህ። ፈራሁህ።»

አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ትዳር ውስጥ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምተው አያውቁም። እኔ እንደ አባቴ አይደለሁም ሊሉ አስበው፣ እንዳልሆኑ የሚያስረዳ አንድም ነገር ለጊዜው አልመጣላቸውም። ያ ደግሞ ይብስ አናደዳቸው።

ማታ ወደ አርላንዳ አየር ማረፊያ የወሰዳቸው ራጉ ነው። ታክሲ ይጠራ ብለው ነበር፤ ወይዘሮ ፋንታዬ እንዳልሰሙ ሆኑ። አቶ ቀለመወርቅ ከፊት ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ በጥድ የተሞላውን ዳርቻ ሲያዩ ሄዱ። ራጉ መሐል ላይ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቀ። አባቱ ከቀትር ጀምሮ እንዳላናገሩት፣ ልክም እንደሆኑ ተናገረ። ሰበብ አልጨመረም። አቶ ቀለመወርቅ ሰበብ አለመጨመሩን ልብ አሉ።

አየር ማረፊያው በር ላይ ራጉ ሻንጣዎቹን አወረደ። ሊዲያ አባቷን ለመሳም ቀረበች። አቶ ቀለመወርቅ ጉንጫቸውን ሰጧት፤ እሳቸው ግን አልሳሟትም። ሻንጣቸውን ይዘው ዞሩና፣ ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ።

«ሽማግሌ ይላክ» አሉ በአማርኛ።

ሊዲያ የሰማችውን ያላመነች ይመስል አንድ እርምጃ ቀረበች።

«አዲስ አበባ። ቤቴ ድረስ። አባቱም ይምጣ፤ እሱም ተታሏል። ደጅ ጠንተው፣ ቆመው ይጠይቁኝ። እሺ እላለሁ አላልኩም። ልመልሳቸው እችላለሁ።»

ሚስታቸውን ሳይጠብቁ ወደ መንገደኞቹ ሰልፍ አመሩ። ከኋላቸው ራጉ ምን አሉ ብሎ ሲጠይቅ ተሰማቸው። ሊዲያ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ «ሰዎች… ሽማግሌ ማለት…» አለችና ቆመች። እንደገና ጀመረች። የጎደላት የእንግሊዝኛ ቃል አቶ ቀለመወርቅ አፍ ላይ ነበር። ፓስፖርታቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፤ አልዞሩም።