የማንም ያልሆነ አንጎል

የመኪና ክላክስ ከጤና ጣቢያው አጥር ወዲያ ተከታትሎ ጮኸ። ሲስተር ዓይናዲስ መርፌውን ከሕፃኑ ጭን እየነቀለች ጆሮዋን አቆመች። የሐጂ አብዱረዛቅ ጫት የምትጭነው አይሱዙ መሆኗን ድምፅዋ ይናገራል። ሹፌሯ ሳቢር ግን እንዲህ አይነፋም፤ እሱ ሲነፋ ጨዋታ ነው፤ ይሄኛው የጨነቀው ሰው አነፋፍ ነው።

ወጥታ ስታይ መሪውን የያዘው ሌላው የሐጂ ሹፌር ፋሩቅ ነው።

"አንተ! መኪና እንዳትነዳ አላልኩህም?"

"አቦ ሲስተር፣ ቀስ በይ፤ ሰው ይሰማል።" አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። "ሐጂ ሳቢርን ከሥራ ሊያባርሩት ነው። ያ የለጠፈው ሥዕል ጉድ አፈላ። አንቺን ጥራ ብለውኝ ነው።"

አምና ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች ጫት የሚቅሙና የማይቅሙ ሹፌሮችን ሐረር ወስደው አንጎላቸውን በማሽን ፎቶ አስነስተው ነበር። ሹፌሮቹን ከጭሮ የመለመለችው ዓይናዲስ ናት፤ የአንዱን ነገር ለሌላው እንደማትናገርም ቃል ገብታላቸዋለች። ሳቢር በይፋ ገባ፣ ፋሩቅ በድብቅ። ሰሞኑን የጥናቱ ውጤት በፖስተር ታትሞ ሲታደል፣ ሳቢር "አንጎሌን እዩልኝ!" እያለ የደረሰውን ፖስተር የሐጂ ጫት መጋዘን በር ላይ ለጠፈው። ለፋሩቅ የደረሰው ግን ሌላ ወሬ ነው። የእሱን ምስል ያየው ሐኪም አንድ ጥላ አግኝቷል። ምንም ላይሆን ይችላል፤ እስኪጣራ ድረስ ግን መሪ እንዳይጨብጥ። ይህን የነገረችው ራሷ ዓይናዲስ ነበረች።

"ውረድ፣ በባጃጅ እንሂድ።"

"መኪናዋን ጥዬ? ሐጂ ምን ሆንክ ሲሉኝ ምን ልበል? ማሎ ሲስተር፣ ዛሬን ብቻ።"

ገባች። መጋዘኑ እስኪደርሱ እጇን ከእጅ ፍሬኑ ላይ አላነሳችም።

መጋዘኑ ውስጥ ሴቶች ጫቱን ዙርባ በሚሉት እስር በእስር እያሰሩ ይደረድራሉ። ሳቢር ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። ሐጂ አንዲት ዙርባ በእጃቸው ይዘው ፖስተሩ ፊት ለፊት ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፖስተሩ ላይ ግራጫ አንጎል አለ፤ ግንባሩ አካባቢ ፍም የመሰለ ቀይ ነገር ይታያል።

"ነይ ልጄ፣ አንቺ አንብቢው" አሉ ሐጂ። "'ዘጠና አምስት በመቶ' ይላል። ከመቶ ሹፌር የዘጠና አምስቱ አንጎል ተቃጥሏል ማለት ነው። ይሄ ደግሞ የሳቢር ነው፤ ራሱ ነው የለጠፈው። በዚህ ጭንቅላት ነው ወደ ቦርደዴ ሰው ጭኖ ቁልቁል የሚወርድልኝ!"

"ሐጂ፣ እሱ እኮ የሚቀላው እርስዎ ሲደውሉልኝ ነው" አለ ሳቢር።

ሴቶቹ ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም።

ዓይናዲስ ወደ ፖስተሩ ቀረበች። "ዘጠና አምስቱ የሰው ቁጥር አይደለም፣ ሐጂ። በሚቅሙትና በማይቅሙት መካከል እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ የሚገኘው ከመቶ ጊዜ አምስቱን ቢሆን ነው፤ እንዲያ ለማለት ነው። ቀዩም ቃጠሎ አይደለም፣ ኮምፒውተር የቀባው ቀለም ነው። የብዙ ሰው ምስል ተደምሮ፣ የአንዱ ወገን አማካይ ከሌላው የተለየበትን ቦታ ያሳያል። ይሄ አንጎል የሳቢር አይደለም። የማንም አይደለም።"

"የማንም አይደለም?" ሳቢር ክንዱን ፈታ። "እኔ እኮ ለእናቴ ሁሉ አሳይቻታለሁ! እንባዋ ነው የመጣው!"

"የቦኬ ጫት ዙርባ በአማካይ ከገለምሶው ጫት ይከብዳል ብልዎት፣ እጅዎ ላይ ያለችው የቦኬ ዙርባ የግድ ከባድ ናት?" አለች ዓይናዲስ ወደ ሐጂ ዞራ።

ሐጂ ዙርባዋን በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አደረጓት። "አይደለችም። ገባኝ።"

ዓይናዲስ ተነፈሰች። ሐጂ ግን አልጨረሱም።

"እኔ ደግሞ ወላሂ ሳልመዝን ገዝቼ አላውቅም። የሳቢርን መዝኚልኝ። የየራሳቸውን ምስል ሐኪም አይቶታል?"

"አይቶታል።"

"ክፉ ነገር የተገኘበትስ?"

"ተጠርቶ ተነግሮታል" አለች፤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

"ሳቢርን ጠራችሁት?"

"ማንም አልጠራኝም!" አለ ሳቢር።

"ተጠርተህስ ትነግረኛለህ? እሷ ትናገር።"

"ንገሪያቸዋ ሲስተር! እኔው ፈቅጄያለሁ።"

አንዲት "አልተጠራም" ትበቃው ነበር። ሐጂ ግን እዚያ አያቆሙም። ሹፌሮቻቸውን አንድ በአንድ በስም ያነሱባታል፤ ፋሩቅ ላይ ሲደርሱ ዝም ካለች ዝምታዋ ይናገርበታል። ፋሩቅ ከኋላዋ ነው። ትንፋሹ ይሰማታል።

"ሳቢር፣ ለብቻህ ልንገርህ" አለች።

"ለብቻ የሚነገር ደግ ነገር አላውቅም" አሉ ሐጂ ከጆንያው እየተነሱ። ድምፃቸው ቁጣው ወጥቶለት የሐዘን መስሎ ነበር። "በቃ፣ ተረዳሁ። ሳቢር፣ ልጄ፣ ሌላ እንጀራ ፈልግ። የሰው ነፍስ አላህ ይጠይቀኛል። ፋሩቅ! ጫቱ ሳይጠወልግ አስጭነህ ውረድ።"

ሳቢር አፉን ከፍቶ ዓይናዲስን አያት። ምን በደልኩሽ የሚል አስተያየት ነበር። ሴቶቹ ማሰራቸውን አቆሙ።

እሷ ያንን ቁልቁለት አሰበች። ጥምዝምዙን፣ ከጫቱ ጋር የሚሳፈሩትን ሰዎች፣ የፋሩቅን ጥላ። የገባችውን ቃልም።

"ሐጂ" አለች፤ "ፋሩቅ..."

"ምን ፋሩቅ?"

ፋሩቅ በጎኗ አልፎ መጣ። ፊቱን ላብ አጥምቆታል። ሳቢር ፊት ቆመና የመኪናውን ቁልፍ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተለት፤ ኪሱንም በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

"ምን ማለትህ ነው አንተ?" አሉ ሐጂ። "እሱን እኮ አባረርኩት! ፋሩቅ! አንተን እኮ ነው!"

ፋሩቅ ፖስተሩ በተለጠፈበት በር ወጣ፤ አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ወደኋላ ሳይዞር፣ ወደ መናኸሪያው ሄደ።