ከጉብታው ላይ የተጠየቀ ሕመም

እማማ አቻምየለሽ በፋሲካ ረፋድ ከመደቡ ልነሣ ቢሉ ጭናቸው እምቢ አለ። ወገባቸውም አብሮ አደመ። "ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት እንውሰድዎ" ያሏቸውን ሁሉ "ሂዱ፤ ማን ያዛችሁ" አሏቸው።

ቡሬ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ሀኒ ግን "ከስልኬ ላይ ልፈልግልዎ" አለች።

"ስልክሽ ወገብ አለው?"

ኔትወርክ የሚገኘው ከበረቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። እማማ ደግሞ ጉብታ አይወጡም። ስለዚህ ሀኒ ከላይ ሆና ስልኩ የጠየቀውን ትጮሃለች፤ እሳቸው ከደጃፍ ይመልሳሉ፤ መንደሩ ያዳምጣል።

"እማማ፣ ሽንትዎ ቀልቷል ወይ ይላል።"

"ባለጌ በይው።"

"ገላዎ ላይ እብጠት አለ?"

"ዓባይነሽን ጠይቂያት። የሰው ገላ ስታይ የምትውል እሷ ናት።"

ጎረቤታቸው ዓባይነሽ ከአጥሩ ወዲያ ጆሮዋን ቀስራ እንደቆመች አላጡትም። ጥጃዋ ጎመናቸውን ከጨረሰ ወዲህ ሁለቱ ሰላም አይባባሉም።

"ሰሞኑን ከባድ ሥራ ሠርተዋል?"

"በሰሙነ ሕማማት ሥራ? አረመኔ አደረግሽኝ?"

ሀኒ ስልኩን "አልሠሩም" ብላ ነካችው። ትንሽ ቆይታ ድምጿ ቀጠነ። "እማማ... ያለ ምክንያት ከመጣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል ይላል።"

መንደሩ አማተበ።

እማማ ሞትን አልፈሩም። ተጣልቶ መሞትን ግን ፈሩ። ደግሞም ዓባይነሽ ለቅሶ መጥታ ደረቷን ስትደቃ እሳቸው ተገንዘው መልስ ማጣታቸው ታያቸው። አስጠሯት።

ዓባይነሽ በትር ተደግፋ፣ እግሯን አንፈራጥጣ መጣች። መደቡ ላይ እያቃሰተች ወደቀች።

"ስለ ጎመኑ ይቅር ብዬሻለሁ" አሉ እማማ። "ልሞት ነው።"

"እኔም ልሞት ነው። ልጅቱ የጮኸችው ሁሉ የኔም ሕመም ነው። ጭኔ፣ ወገቤ... ሽንቴ ብቻ ደህና ነው።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከስቅለት ማግስት።"

ተያዩ። የስቅለት ዕለት ጎን ለጎን ነበር የሰገዱት። ሌላው ሲደክመው ግድግዳ ተደግፎ ሲያርፍ፣ እነሱ ግን በዓይናቸው ጥግ እየተጠባበቁ ሲወድቁ ሲነሡ ዋሉ። ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባቸውን ቸብ አድርገው ስግደት ሲያዝዙ እንኳ አንዷ ከታዘዘችው በላይ ስትጨምር ሌላዋም ጨመረች።

ሀኒ እንባዋን እየጠረገች ከጉብታው ወረደች። ነገሩን ስትሰማ ተቀመጠች። "ይህን ለምን አልነገሩኝም?"

"ሥራ አልሽ እንጂ መች ስግደት አልሽ?"

"ለስልኩ ያው ነው እማማ። ሰውነትዎ ዝሎ ነው፤ ይለቅዎታል።"

እማማ ወደ ዓባይነሽ ዞሩ። "እንግዲያ ተነሽ። ይቅርታው ለሞት ነበር።"

"መነሣት ብችል መች እዚህ እቀመጥ ነበር?"

እውነቷን ነው። ሀኒ ቅቤ አምጥታ የሁለቱንም ወገብ በየተራ ስታሽ፣ ዓባይነሽ "አንች ቀድመሽ ባታርፊ ኖሮ እኔ እስከ ማታ እሰግድ ነበር" አለች።

"ማን? እኔ?" እማማ የሀኒን እጅ ከወገባቸው ላይ ገፉት። "ተመለሽ ጉብታው ላይ። ቀድማ ያረፈችው ማን እንደሆነች ጠይቂው።"