የዊበ መኪና ሽቦ

«አባትሽ እጁ ወርቅ ነበር» አለ ሹርድ፣ ቅቤ የተቀባ የስኳር ዳቦ እየጎረሰ። ጢሙ ላይ የቀረችው ፍርፋሪ በተናገረ ቁጥር ትንቀሳቀሳለች። ፌምካ ፊቷን አዞረች።

አባቷ ዊበ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሬሳው በዚያው ክፍል፣ መጋረጃው በተዘጋው መስኮት ሥር፣ ክዳኑ ባልተገጠመ ሣጥን ተኝቷል። የመንደሩ ሰው ይገባል፣ ያንሾካሽካል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይወጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን በር ያላንኳኳ ሰው ሁሉ።

ዊበ ጀልባ እየጠገነ የሚኖር፣ ልቡ ግን በሪሞት በሚነዱ መኪኖች ላይ የነበረ ሰው ነው። ፌምካን በልጅነቷ ከጎኑ አስቀምጦ ሽቦ ያስመርጣት ነበር። «ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደው ወፍራም ይሁን፤ ጉልበቱ የሚያልፈው በዚያ ነው። ለመብራቱ ቀጭኑ ይበቃል። የወፍራሙን ሥራ ለቀጭን ከሰጠሽው ይግላል፣ ከዚያ ይነዳል።»

ከሁለት ዓመት በፊት ሹርድ አንዷን መኪና ለውድድር ተዋሳት። ከሜዳው ወጥታ የመኪና ክለቡ መጋዘን እንደገባች በእሳት ተያያዘች፤ መጋዘኑም አብሮ ነደደ። ሹርድ የክለቡ ሊቀ መንበር ነውና «ዊበ አርጅቷል፣ ሽቦ መምረጥ ተስኖታል» ብሎ ከክለቡ አስባረረው። ፌምካም ብትሆን «አባባ፣ ስህተት ማንም ይሠራል» ብላው ነበር። አባቷ የተቃጠለችውን መኪና ወስዶ መሥሪያ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ አኖራት።

«መኪኖቹን ክለቡ ይረከባቸው» አለ ሹርድ ጣቱን እየላሰ። «ለመታሰቢያው በመስታወት ሣጥን እናኖራቸዋለን። የተቃጠለችዋን ግን እኔው እጥላታለሁ። ማየቱ ምን ያደርግላችኋል?»

ስለ እሷ ማን ጠየቀው? ፌምካ ወደ አባቷ መሥሪያ ክፍል ገብታ የጠቆረችውን መኪና አወረደች፤ ክዳኗንም ከፈተች። ከባትሪው የሚነሳው ሽቦ ወፍራም ነው፤ ሞተሩ ጋ የሚደርሰውም ወፍራም። መሃል ላይ ግን እንደ ክር የቀጠነ የመብራት ሽቦ ተቀጥሏል። ሽቦውን ያጣበቀው ሊድ እንደ ንፍጥ ተዝረክርኳል። የአባቷ እጅ አይደለም።

ይዛት ተመለሰች።

«አጎቴ ሹርድ፣ ይህን የቀጠሉት እርስዎ ነዎት?»

ማኘኩን አቆመ። «ልምምድ ላይ ተበጠሰብኝ። በእጄ የነበረው ቀጭኑ ብቻ ነው። ለአንድ ውድድር መች ያንሳል ብዬ…»

«አባባ ያውቅ ነበር?»

«በሳምንቱ ነግሬዋለሁ እኮ! ‹ለክለቡ ሰዎችም አንተው ንገራቸው› አለኝ። እኔም ዛሬ ነገ ስል…» ላብ ያራሰው መዳፉን ክንዷ ላይ አሳረፈ። «እንግዲህ እሱም አርፏል።»

ፌምካ መዳፉን እንደ ቀንድ አውጣ ከክንዷ ላይ ነቅላ ጣለችው።

«ሬሳ ፊት፣ ፌምካ!» አለች አክስቷ ቲትስካ።

«ሬሳ ፊት ቁጭ ብሎ የሚበላው እሱ ነው!» ከልጅነቷ ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም። «ተነስ! የክለቡ ሰዎች ደጅ ናቸው፤ ሂድና ንገራቸው። አለዚያ ነገ ቀብሩ ላይ እኔ እናገራለሁ።»

ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የሚንተባተብ ድምፁ በመጋረጃው አልፎ ተሰማ፤ ከዚያ የሰው ጉርምርምታ። ፌምካ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ደስ አላላትም። እሷስ አባቷን መቼ አመነችው?

ወደ ሣጥኑ ቀረበች። ገናዦቹ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ጥብቅ አድርገው ዘግተውታል፤ ዊበ ለሠርጉ ቀን እንኳ ዘግቶት አያውቅም።

ጎንበስ ብላ ፈታችለት።