አጊና ሹቻ

አቶ ዓምደሚካኤል ድንጋዩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ዳሱ በር አስጠጋውና በብርሃን አገላበጠው። ድንጋዩ ላይ ብጣሽ ጨርቅ በክር ታስራለች፤ ሟቹ ኤርካሎ በገዛ እጁ በቀለም የጻፈባት ሁለት ቃል ናት፦ አጊና ሹቻ።

«ወላይትኛ አይሰማም ትሉኛላችሁ» አለ። «ሹቻ ድንጋይ፣ አጊና ጨረቃ። ተሳሳትኩ?»

ለቀስተኞቹ አልተሳሳቱም አሉት። ግማሹ ልክ ነበር።

የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ዓምደሚካኤል ባለርስት ነው፤ የኤርካሎ ቤተሰብ የእሱ ጭሰኛ። አሜሪካኖች ጨረቃ ላይ ከወጡ ገና መንፈቅ ስላልሞላ ወሬው ከሶዶ ገበያ አልጠፋም። ኤርካሎ ደግሞ ኦቶና ሚስዮን ሆስፒታል ለአንድ አሜሪካዊ ሐኪም አትክልተኛ ሆኖ ስምንት ዓመት ሠርቷል፤ ሐኪሙ አምና አገሩ ገብቷል። ዓምደሚካኤል ይህን ሁሉ አገጣጥሞ፣ ሐኪሙ ለአትክልተኛው ማስታወሻ ልኮለታል ብሎ ደመደመ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ነገር እየገዛ የሚሰበስብ ፈረንጅ ያውቃል። ፈረንጁ የሚፈልገው የዐዋቂ ፊርማ ብቻ ነው፤ ዐዋቂዋም እዚሁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች።

የሟች ልጅ አስናቀች ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ የምትማረው ጂኦሎጂ። ዳሞታን የሚያህል ተራራ እያለ ድንጋይ ለመማር አዲስ አበባ ድረስ ሄደች እያሉ ዘመዶቿ ሲቀልዱባት ኖረዋል። ዛሬ የቀለደ የለም።

ዓምደሚካኤል አስቀድሞ ያጻፈውን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። እሷ ከፈረመች እናቷ ቦሼ ከቤቷ እንደማትነሣ፣ ማሳዋም እንደማይነካ በሰው ፊት ተናገረ። ካልፈረመች ምን እንደሚሆን አልተናገረም፤ አላስፈለገውም።

«እሷ ይፈርማል፣ ጌታዬ» አለ የሟች ወንድም ቶማ።

«ትፈርማለች በል እንጂ። ልጅቷን ወንድ አደረግሃት።»

አንዳንዶቹ የፈላ የቡና ቅጠል በያዙበት ቅል ውስጥ ሳቁ። አስናቀች አልሳቀችም። ልመርምረው ብላ ድንጋዩን ተቀበለችና ጓሮ ወጣች፤ ቶማ ተከተላት።

እንሰቱ አጠገብ ቆማ በቢላዋ ፋቀችው። ቅርፊቱ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ዝገት ነው፤ ዝገት ውኃና አየር ይፈልጋል፣ ጨረቃ ላይ ሁለቱም የሉም። በሌላው ጎኑ የመዶሻ ምት ሁለት ቦታ ይታያል። ከጨረቃ የመጣው ድንጋይ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ነው፤ ለአትክልተኛ በፖስታ አይላክም። ይህን ሁሉ ለቶማ ነገረችው። እንዲያው ለሥርዓቱ ነው እንጂ፣ ምን እንደሆነ ቀድሞም ታውቃለች።

«አንተም ታውቃለህ፣ አጎቴ።»

«አውቃለሁ» አለ ቶማ። «ከእስር ቤት ድንጋይ የጨረቃ ድንጋይ ይሻላል።»

ሰባት ዓመቷ ሳለ አባቷ አንድ ወር ጠፍቶ ነበር። ሁምቦ ለሥራ ሄዷል ተብላ አመነች። ሲመለስ መዳፎቹ ተሰነጣጥቀው ነበር፤ ድንጋዩን በብብቱ ይዟል። የዓምደሚካኤልን ማሳ በነጻ አላርስም በማለቱ ታስሮ፣ ሁምቦ መንገድ ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ ነው የከረመው። ይህን በመጨረሻው ቀን የፈለጠውን ከነቅርፊቱ ተሸክሞ መጣ። ቶማ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነውና የወንድሙ መታሰር እንዳይወራ ጣለው፣ ቅበረው ሲለው ኖሯል። ኤርካሎ ግን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። በኋላ ከጎልማሶች ጋር ፊደል ሲቆጥር መጀመሪያ የጻፈው እነዚያን ሁለት ቃላት ነው። አስናቀች ያኔ ትምህርት ቤት ገብታ አማርኛ የለመደች ነበረችና ምኑ ነው የጨረቃ ብላ ሳቀችበት።

«ያንቺ አማርኛ ለጨረቃ አንድ፣ ለወር አንድ ቃል አለው» አላት አባቷ። «እኛ ሁለቱንም አጊና ነው የምንለው። ጨረቃ አልፈለጥኩም፣ ወሩን ነው የፈለጥኩት።»

ቶማ አሁን እየለመናት ነው። እናትሽን የት እናስገባታለን፣ አንቺ ነገ አዲስ አበባ ትገቢያለሽ፣ እኛ ነን እዚህ የምንቀረው አላት። ይህኛው እውነት ነበር። ድንጋዩን እንደያዘች ጥላው ወደ ዳሱ ገባች።

ወረቀቱን ከዓምደሚካኤል ተቀብላ ገለበጠችና በጀርባው ጻፈች። ከዚያ ቆማ አነበበችው፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በወላይትኛ።

«ይህ ድንጋይ ባዛልት ነው። የተገኘው ከሁምቦ መንገድ ነው። ኤርካሎ ሻንቆ የአቶ ዓምደሚካኤልን ማሳ በነጻ አላርስም ብሎ በታሰረበት ወር ፈልጦታል። አጊና ማለት ወርም ነው። መርምሬ አረጋግጫለሁ። አስናቀች ኤርካሎ።»

አንድ ሽማግሌ ቃሉን ሁለት ጊዜ በአፉ ካላመጠ በኋላ፣ ልክ ናት፣ ሁለቱንም ይላል ብሎ ለጎረቤቱ ነገረው።

ዓምደሚካኤል ቀልዱ ጠፋበት። «አባትሽን በለቅሶው ላይ እስረኛ ነበር ብለሽ ታዋርጂዋለሽ?»

«ያሳሰሩት እርስዎ ነዎት። እኔ ፈረምኩ እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ?»

ወረቀቱን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። እናቷን ሳትጠይቅ በእናቷ ቤት መፍረዷ የታወሳት ያን ጊዜ ነው። ቦሼን ለማየት ደፍራ አልዞረችም።

ዓምደሚካኤል ካቦርቱን ሰብስቦ ተነሣ። ባለርስት ሲነሣ ቤቱ ሁሉ ይነሣል፤ እስከ አጥሩ በርም ይሸኘዋል። አግዳሚው ተንቋቋ። ቶማ፣ ከጓሮ ተመልሶ ከቦሼ ጎን የተቀመጠው፣ ለመነሣት ጎንበስ አለ።

ቦሼ ባሏ ከተቀበረ ጀምሮ ማንንም አልነካችም ነበር። እጇን ዘርግታ የቶማ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ከባድ እጅ አልነበረም። ቶማ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ተቀመጠ። ሌሎቹም እሱን አይተው ተቀመጡ።

የዓምደሚካኤል በቅሎ ኮቴ ከመንገዱ ላይ ጠፋ። ቦሼ እጇን አላነሣችም።