የማይደርቅ ኮፈን

የኦቦ ዋቆ ዓይን ሚዛን ነው፤ ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው። አምቦ ባለው ጋራዣቸው ለሃያ ሁለት ዓመት የተገጨ መኪና አቅንተዋል፣ የጎደጎደውን የሚሞሉበት ስቱኮ ለውሰዋል፣ ቀለም ረጭተዋል። ስለዚህ እኔ ኢብሳ፣ ኬሚስትሪ ተምሬ ሥራ ሳጣ እሳቸው ዘንድ ቀለም ቀቢ የሆንኩት፣ ከቅመም ነጋዴ ሚዛን ተውሼ ስገባ መሳቃቸው አልገረመኝም።

«በርበሬ ልትመዝንልን ነው፣ ዶክተር?» አሉኝ።

የምመዝነው ኢፖክሲ የሚባለውን ሙጫና ማድረቂያውን ነበር። የሰፈራችንን ልጅ የፍሮምሳን ቪትዝ መኪና ኮፈን በካርቦን ጨርቅ ልናለብስ ነው። ፍሮምሳ ለንሳ የምትባል ነርስ ሊያገባ ጌዶ ወዳሉት ወላጆቿ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ አባቷ መምህር ሌታ «እንመካከርበትና ሌላ ቀን ኑ» ብለው መለሷቸው። በእኛ አገር በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ልጁን እንደ ጣለ ይቆጠርበታል። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ፍሮምሳ ግን ሲያስብ ሰንብቶ ጥፋቱን መኪናው ላይ አገኘው። ሽማግሌዎቹ የሄዱበት ቪትዝ ኮፈኑ የተላጠ ነበርና አባትየው የናቁት በዚያ ነው አለ። ስልኩ ላይ ጥቁር፣ እንደ ሰሌን የተጠላለፈ፣ የሚያብለጨልጭ ኮፈን አሳየንና እንደዚያ አድርጉልኝ ብሎ ቁጭ አለ።

ካርቦን የተፈለገው መኪና እንዲያቀል ነው። በብረት ኮፈን ላይ ሲለጠፍ ግን ኮፈኑ ይብሱን ይከብዳል። ይህን በትዕግሥት አስረዳሁት። እሱም በትዕግሥት ሰማኝና «ከላይ ይታያል አይደል?» አለ።

ዓርብ ኮፈኑን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን። መቶ ግራም ሙጫ ለሠላሳ ግራም ማድረቂያ መዝኜ ቀባሁት። እጅ ያዝ ማድረግ ሲጀምር ጨርቁን ዘረጋንበትና ሽመናው እንዳይዛነፍ ከመሀል ወደ ዳር ዳመጥነው። በማግስቱ ጠዋት እንደ ድንጋይ ደርቆ አገኘሁት። የቀረው መስታወት የሚያስመስለው የላይኛው ሙጫ ብቻ ነበር። እኔ አጎቴ ጤፍ ሊወቃ ደቦ ጠርቶኝ ስለነበር ልኩን በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ኦቦ ዋቆንም ይሄ እንደ ስቱኮ አይደለም፣ ማድረቂያ እንዳይጨምሩ ብዬ ለመንኳቸው። ስቱኮ ማድረቂያ በበዛበት ቁጥር ቶሎ ይደርቃል። የኢፖክሲ ማድረቂያ ግን የሚጣመደው ሙጫ ካጣ ትርፉ እንደ ማር ሆኖ ይቀራል፤ ዕድሜ ልኩን።

እሑድ ጠዋት ስመጣ ኮፈኑ ከሩቅ ያምር ነበር፤ ያልሆነውን አልልም። በጣቴ ስነካው አሻራዬ ታተመበት።

ምን ያህል እንደ ጨመሩ ኦቦ ዋቆን ጠየቅኳቸው። ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ ቀኑ ሽማግሌዎቹ እንደገና ጌዶ የሚሄዱበት ነው፤ የፍሮምሳ ዋና ሽማግሌ ደግሞ እሳቸው ናቸው። «ብርድ ነበር» አሉ። «በዓይኔ ገምቼ ከእጥፍ ትንሽ ከፍ አደረግኩለት። መንገድ ላይ ፀሐይ ይጨርሰዋል።»

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ስለዚህ ፍሮምሳ ቀርቶ ኦቦ ዋቆንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎችን ጭኜ እኔ ነዳሁ። ጉደርን እንዳለፍን የጤፍ ጭድ የጫነ መኪና ከፊታችን ገባ። አልፌው ለመሄድ መንገዱ አልመች አለ። ፍሮምሳ ደውሎ ሰው ኮፈኑን እያየው እንደሆነ ጠየቀ። እያየው ነው አልኩት፤ እውነቴን ነበር። ጌዶ ስንደርስ ጭዱም፣ ዝንቡም፣ አቧራውም ተለጥፎበት ኮፈኑ ፀጉር አብቅሏል።

ሽማግሌ ግቡ እስኪባል ደጅ ይቆማል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሩ አጠገብ ቆሙ። ኦቦ ዋቆ ግን ጉዱ እንዳይታይ ጀርባቸውን ሰጥተው ኮፈኑ ላይ ደገፍ አሉ። መምህር ሌታ ወጥተው ሰላምታ ሰጡንና ግቡ አሉ። ኦቦ ዋቆ አንድ እርምጃ ሄዱ። ጋቢያቸው አልሄደም።

መምህር ሌታ መነጽራቸውን አስተካክለው ጋቢውንም ኮፈኑንም አዩ። «ኦቦ ዋቆ፣ ቀለሙ አልደረቀም እንዴ?»

«ደርቋል» አሉ ኦቦ ዋቆ፣ ጋቢያቸውን እየጎተቱ። «አቧራ ነው።»

መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ዱጋውን ንገረኝ፤ እውነቱን። ደርቋል?»

አዎ ብል ጋቢው ይመሰክርብኛል፤ አልደረቀም ብል ሽማግሌ አዋርጄ የፍሮምሳን ጋብቻ አፈርሳለሁ። «አልደረቀም፣ መምህር። ማድረቂያው በዝቶበታል» አልኩ።

አልተቆጡም። መቀስ ይዘው ወጡና ጋቢውን ከተጣበቀው ጫፍ ላይ ራሳቸው ቆርጠው ሰጧቸው። «እናንተ የመጣችሁት ስለማላውቀው ልጅ ልትመሰክሩልኝ ነው» አሉ። «ዓይኔ ሥር ያለውን እንዲህ ከነገራችሁኝ፣ ያላየሁትን እንዴት አምናችኋለሁ? ሲደርቅ ኑ።»

ምሳ ግን ሳያበሉን አልለቀቁንም። ስለ ጋብቻ አንድ ቃል ሳይነሳ በላን።

ፍሮምሳ ጋራዡ በር ላይ እየጠበቀን ነበር። ሲደርቅ ኑ መባላችንን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ታዲያ ስንት ቀን ይፈጃል አለ። አይደርቅም አልኩት። ኦቦ ዋቆ የተቆረጠ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው፣ ትንሽ ማድረቂያ ቢደገምበትስ ብለው ቆርቆሮውን አነሱ። ከእጃቸው ወሰድኩት።

«ኮፈኑን ፍቄ፣ መዝኜ እንደገና እሠራዋለሁ፤ ሦስት ቀን ይበቃኛል» አልኩት ፍሮምሳን። «አንተ ሌላ ሽማግሌ ፈልግ። ቲቸሩ የመለሱት መኪናውን አይደለም።»

ለንሳ እየደወለች ስልኩ እጁ ላይ ይጮህ ነበር፤ አላነሳውም። ቪትዙን ዞሮ ዞሮ አየው። ከዚያ የመኪናውን በር በጣቱ አንኳኳና ጠየቀኝ፦

«በሮቹንም አብረህ ብታለብሳቸውስ?»